የጨንቻ ዳገትና የሊትሩ ሒሳብ

መኪና ስንት ነዳጅ ትበላለች የሚለው ጥያቄ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከመኪናዋ ጋር አብሮ ነው። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያይቱ መኪና አዲስ አበባ ስትደርስ በመንገዱ ላይ ነዳጅ ማደያ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህም የተያዘው ነዳጅ እስከ የት እንደሚያደርስ አስቀድሞ ማወቅ የቁጠባ ጉዳይ ሳይሆን በዱር የመቅረትና ያለመቅረት ጉዳይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ወደ ደቡብ የሚወርዱ የጭነት መኪና ነጂዎች ለዚሁ ጥያቄ የራሳቸውን መልስ ሲያበጁ ኖረዋል። ጋኑን፣ በነጂዎች አነጋገር ሰልባትዮውን፣ እስከ አፉ ይሞላሉ፤ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በወረቀት ይጽፋሉ፤ ደርሰው ሲመለሱ እንደገና ይሞሉና የሄዱትን ርቀት በጨመሩት ሊትር ያካፍላሉ። ቆጣሪው የተበላሸበት ነጂ ደግሞ በትር ወደ ጋኑ ሰድዶ እርጥበቱ የደረሰበትን በጣቱ ይለካል። ይህ አለካክ ቀላል ቢመስልም በውስጡ አንድ ጽኑ ሕግ ይዟል፤ ይኸውም ልኬቱ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ሁኔታ አንድ መሆን አለበት የሚለው ነው። ጋኑ ሞልቶ ተነሥቶ ሞልቶ ካልተዘጋ ሒሳቡም አይዘጋም።

ሁለት ጋን ያላት መኪና በመጣች ጊዜ ይህ አሮጌ ሒሳብ ተናጋ። ሃይብሪድ የምትባለው መኪና ቤንዚኑን በሰልባትዮ፣ ኤሌክትሪኩን በባትሪ ይዛ ትጓዛለች። ቁልቁለት ስትወርድ ወይም ፍሬን ሲያዝ ጉልበቷን ወደ ባትሪው ታስገባለች፤ ስትነሣና ዳገት ስትወጣ መልሳ ታወጣዋለች። ነጂው ገንዘብ የሚከፍለው ግን ለአንደኛው ጋን ብቻ ነው፤ የሚለካውም ያንኑ ብቻ ነው። ስለ ሁለተኛው ጋን ያልተጠየቀ ጥያቄ የመጀመሪያውን ቁጥር ምን ያህል እንደሚያዛባው በዓለም ዙሪያ ያሉ መሐንዲሶች ለመረዳት ዓመታት ወስዶባቸዋል። የጋሞ አገር ግን ነገሩን በ37 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ዘርግቶ ያሳያል።

ጨንቻ በደጋው ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር በሚያህል ከፍታ የተቀመጠች ከተማ ናት። የጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ሆና ኖራ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አስተዳደሩ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ ወዳለው ቆላ፣ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። የአርባ ምንጭ ከፍታ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ስለሆነም ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ፣ በዶርዜ በኩል እየተጠማዘዘ፣ 1,400 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ወይም ይወርዳል። በዚህ መንገድ ላይ የነጂዎች የቆየ ግምት አለ፤ ዳገቱ የበላውን ቁልቁለቱ ይክሰዋል የሚል። በዚሁ ግምት ማርሹን ነጻ አድርጎ ቁልቁል የሚለቅ ነጂ አይጠፋም። የሚድነው ነዳጅ ጥቂት፣ የሚቃጠለው ፍሬን ብዙ መሆኑን ለመናገር መካኒክ መሆን አያሻም።

የነዳጅ ሒሳብ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ኢትዮጵያ በ1966 ዓ.ም. በሚገባ አይታለች። በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ምክንያት የዓለም የነዳጅ ዋጋ በናረበት በዚያ ዓመት፣ በየካቲት ወር፣ የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ተጨመረ። የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም ሥራ አቆሙ። መንግሥት ጭማሪውን ቢቀንስም ነገሩ ከታክሲዎቹ አልፎ ሄዶ ነበር፤ በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዳዊው አገዛዝ ወደቀ። የአብዮትን መንሥኤ በቤንዚን ዋጋ ብቻ መተርጎም ስሕተት ነው። ይሁን እንጂ በቀን ገቢና በቀን ነዳጅ መካከል ባለችው ጠባብ ልዩነት የሚኖር ሰው የሊትርን ዋጋ ከማንም ቀድሞ እንደሚያውቅ ያ የካቲት አስመስክሯል።

ያው የዋጋ ንረት በአሜሪካ ሌላ ነገር ወለደ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የኃይል ፖሊሲና ቁጠባ ሕግ የመኪና ፋብሪካዎች የነዳጅ ፍጆታ ደረጃ እንዲያከብሩ፣ የፍጆታውም ቁጥር በእያንዳንዱ አዲስ መኪና ላይ ተለጥፎ ለገዢው እንዲታይ አስገደደ። ቁጥሩን የማውጣት ሥራ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ነበር። ዘዴውም እንዲህ ነው። መኪናው ከሥፍራው ሳይንቀሳቀስ ጎማው በሚሽከረከር በርሜል ላይ ይሮጣል፤ ነጂው በፊቱ የተሳለውን የፍጥነት መሥመር እየተከተለ ይነዳል። መሥመሩ የተቀዳው በሎስ አንጀለስ ከተማ ከሚደረግ እውነተኛ የመኪና ጉዞ ሲሆን ርዝመቱ 12 ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጋኑ ጨርሶ አይለካም። ይልቁንም ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጋዝ ተሰብስቦ በውስጡ ያለው ካርቦን ይሰላል፤ በነዳጁ ውስጥ የነበረው ካርቦን በጭሱ ከመውጣት በቀር ሌላ መሄጃ የለውምና።

ዘዴው ብልህ ነው፤ ችግሩ የመሥመሩ ነበር። መሥመሩ በመጀመሪያ የተነደፈው የከተማን አየር ብክለት ለመመርመር እንጂ የቤተሰብን የነዳጅ ወጪ ለመተንበይ አልነበረም። ሰዎች በእውነተኛው መንገድ ከመሥመሩ ይልቅ ፈጥነው ይነዳሉ፤ ይጭናሉ፤ ማቀዝቀዣ ይከፍታሉ። ገዢዎች በተለጠፈው ቁጥርና በራሳቸው ሒሳብ መካከል ያለውን ልዩነት አይተው ስላጉረመረሙ፣ ከ1985 ሞዴል ጀምሮ የከተማው ውጤት በ10 ከመቶ፣ የአውራ ጎዳናው ደግሞ በ22 ከመቶ እየተቀነሰ እንዲለጠፍ ተወሰነ። ይህ ቅናሽ ለሁሉም መኪና አንድ ነው፤ ለትልቁም ለትንሹም፣ ለቆጣቢውም ለበላተኛውም። መለኪያውን ከማስተካከል ይልቅ የመለኪያውን ውጤት በግምት መቁረጥ ነበር ማለት ይቻላል።

ሃይብሪድ የመጣችው በዚህ መካከል ነው። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ ፌርዲናንድ ፖርሼ እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ ቤንዚንና ኤሌክትሪክን ያጣመረ መኪና ሠርቶ ነበር። በብዛት ተመርታ ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያይቱ ግን በታኅሣሥ 1990 ዓ.ም. ገደማ በጃፓን የወጣችው ቶዮታ ፕሪየስ ናት። መሐንዲሶች ወዲያውኑ አንድ ችግር አዩ። መኪናዋ ሙከራውን ባትሪዋ ሞልቶ ጀምራ ባትሪዋ ጎድሎ ብትጨርስ፣ ከጭሱ የሚሰላው ነዳጅ ከእውነተኛው ያንሳል፤ የጎደለው ኤሌክትሪክ ነገ በቤንዚን የሚከፈል ዕዳ ነውና። የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው የአሠራር ደንብ ይህን በር ዘጋ። በሙከራው መጀመሪያና መጨረሻ በባትሪው ውስጥ ያለው ኃይል ልዩነት ከተቃጠለው ነዳጅ ኃይል ከመቶ አንድ እጅ እንዳይበልጥ ደነገገ። አሮጌው የነጂዎች ሕግ፣ ሞልቶ ተነሥቶ ሞልቶ መዝጋት፣ በዚህ ጊዜ ለሁለተኛው ጋንም ተጻፈለት።

ሁለተኛው ችግር ግን አልተዘጋም። ቀርፋፋው የከተማ መሥመር፣ ብዙ ማቆምና መነሣት ያለበት፣ ለሃይብሪድ የተመቸ ነው፤ ሞተሯን እያጠፋች፣ የፍሬኑን ጉልበት እየሰበሰበች ትሄዳለችና። በ2004 ሞዴል ፕሪየስ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ከተማና አውራ ጎዳና ተጣምሮ በ100 ኪሎ ሜትር 4.3 ሊትር ያህል ነበር። ከ2008 ሞዴል ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ በነበሩት ሁለት መሥመሮች ላይ ሦስት ጨመረ፤ አንዱ በከፍተኛ ፍጥነት፣ አንዱ በ35 ዲግሪ ሙቀት ማቀዝቀዣ ተከፍቶ፣ አንዱም ከዜሮ በታች በ7 ዲግሪ ብርድ የሚነዳ። በአዲሱ ሒሳብ የዚያችው መኪና ቁጥር 5.1 ሊትር ሆነ። አንድም ብሎን አልተቀየረባትም፤ የተቀየረው ጥያቄው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ፎርድ ሲ-ማክስ የተባለች ሃይብሪድ መኪናው ላይ የለጠፈውን ቁጥር ከ5.0 ወደ 5.5 ሊትር ለማረም ተገደደ። ነገሩ የማታለል ሳይሆን የደንብ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይሠራበት የነበረው ደንብ ሞተራቸው፣ ማርሻቸውና የክብደት መደባቸው አንድ የሆኑ መኪኖች በአንዱ ተለክተው ቁጥሩን እንዲጋሩ ይፈቅዳል። ሲ-ማክስም የለበሰችው ፊዩዥን የተባለችውን እኅቷን ቁጥር ነበር። በተራ መኪና ላይ ትንሽ የነበረው የቅርፅና የነፋስ ልዩነት በሃይብሪድ ላይ ጎልቶ ታየ። በአውሮፓ ከ2021 ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች የሚፈጁትን ነዳጅ በውስጣቸው ባለ መሣሪያ እንዲመዘግቡ ግዴታ ሆኗል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ዘገባ በ2021 የተመዘገቡት የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች በመንገድ ላይ ከተለጠፈው በ20 ከመቶ ገደማ በልጠው ሲፈጁ፣ ከግድግዳ ሶኬት የሚሞሉት ሃይብሪዶች በአማካይ ሦስት እጥፍ ተኩል ሆነው ተገኝተዋል። የኋለኞቹ ባለቤቶች ብዙዎቹ ሶኬቱን አይሰኩትም ማለት ነው።

እንግዲህ በእነዚህ ሁሉ መሥመሮች ውስጥ፣ በአሮጌዎቹም በአዲሶቹም፣ አንድ ነገር የለም። ዳገት የለም። በርሜሉ ላይ የሚሮጠው መኪና የሚነዳው ሜዳ ላይ እንደሆነ ተቆጥሮ ነው። ለጋሞ ደጋ የሚሆን ቁጥር ከየትኛውም የተለጠፈ ወረቀት አይገኝም፤ እዚያው መሥራት ያስፈልጋል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ከተሳፋሪዎቿ ጋር 1,500 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሃይብሪድ ከአርባ ምንጭ ጨንቻ ስትወጣ፣ ለከፍታው ብቻ የምታወጣው ጉልበት 5.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ከቤንዚኑ ኃይል አንድ ሦስተኛው ብቻ ወደ ጎማ ይደርሳል ቢባል ይህ 2 ሊትር ገደማ ይሆናል። ይህም በሜዳ ላይ ለተመሳሳይ ርቀት ከሚያስፈልገው በላይ የሚጨመር ነው። ስትመለስ ይኸው ጉልበት እንዳለ ይጠብቃታል። የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ የሚይዘው ግን 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ መቆጣጠሪያውም ባትሪው እንዳይጎዳ ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ብዙም የማይበልጠውን ብቻ ያገላብጣል። ይህም ከዳገቱ ጉልበት ከአሥር አንዱን አያክልም። በነፋስና በጎማ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ፣ ባትሪው ቁልቁለቱ ሳይጋመስ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጉልበት በሞተሩ መጎተትና በፍሬኑ ሙቀት ይጠፋል። ዳገቱ የበላውን ቁልቁለቱ ይክሰዋል የሚለው ግምት በሃይብሪድም ከፊሉ ብቻ እውነት ነው፤ ማርሽ ነጻ አድርጎ ከመልቀቅ የተሻለ ቢሆንም።

በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ከጨንቻ ወርዶ አርባ ምንጭ ሲደርስ የመኪናዋ ማሳያ የሚነግረውን ማሰብ ነው። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ነዳጅ ሳይቀበል ስለወረደ ማሳያው እጅግ የሚያስደስት ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ግን የመንገዱን ግማሽ ብቻ የሚናገር ነው። ስሕተቱን የሚያብሰው ደግሞ ነጂው የመውጫውንና የመውረጃውን ቁጥር ደምሮ ለሁለት ሲያካፍል ነው። መኪናዋ ስትወጣ በሊትር 8፣ ስትወርድ በሊትር 30 ኪሎ ሜትር ሄደች እንበል። ብዙ ሰው አማካዩ 19 ነው ይላል። የተቃጠለው ግን ሲወጣ 4.6፣ ሲወርድ 1.2 ሊትር ነው፤ 74 ኪሎ ሜትሩ ለዚህ ድምር ሲካፈል 12.6 ብቻ ይሆናል። በሊትር ስንት ትሄዳለች ከማለት ይልቅ በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ትበላለች ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከዚህ ወጥመድ ይድናል፤ ለእኩል ርቀት ሊትርና ሊትር በቀጥታ ይደመራሉና።

የርቀቱ ማጠርም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። የባትሪው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት በቤንዚን ሲተመን ከሊትር አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። በ10 ኪሎ ሜትር ጉዞ ግማሽ ሊትር በምትፈጅ መኪና ላይ ይህ የሒሳቡ ሲሶ ነው። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ ወርዶ ቤንዚን አልበላችም ብሎ የሚመሰክር ባለመኪና ከልቡ ይመሰክራል፤ ሴቻ ለመመለስ የሚከፈለው ግን በምስክርነቱ ውስጥ አልገባም። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ድረስ በሚደረግ ጉዞ የባትሪው ልዩነት ከመቶ አንድ አይሞላም፤ በዚያ ፈንታ ከፍታው ይመጣል። አዲስ አበባ ከአርባ ምንጭ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ይህም በመውረድ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ያተርፋል፣ በመመለስ ያንኑ ያስከፍላል። ስለዚህ የአንድ ወገን ጉዞ፣ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ምስክር አይሆንም።

አርባ ምንጭ ይህን ሕግ ከመኪና በፊት በሌላ መልክ የምታውቅ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመውና በ2004 ወደ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ያደገው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎቹን ገና ከመነሻው የሚያስተምረው የውሃ ሚዛን ነው፤ የገባው ውሃ፣ የወጣው ውሃና በመካከል በማጠራቀሚያው የቀረው ለውጥ። ከጨንቻ ደጋ ሐሬ ወደ አባያ፣ ኩልፎ ወደ ጫሞ ይወርዳሉ። የወንዙን ፍሰት ብቻ ለክቶ የሐይቁን መጠን ሳያይ ስለ ትነት የሚናገር የውሃ መሐንዲስ የለም። ባትሪውን ሳያይ ስለ ፍጆታ የሚናገር ባለሃይብሪድ ግን ሞልቷል። ሐይቁን ለሚለካ ሰው የመኪናዋ ባትሪ ትንሽ ሐይቅ ናት።

ከዚህ ሌላ ጥቃቅን የሚመስሉ፣ ሲደመሩ ግን ትንሽ ያልሆኑ ስሕተቶች አሉ። ቤንዚን በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ያብጣል፤ በጨንቻ ብርድ የተሞላ 40 ሊትር በአርባ ምንጭ ቀትር 15 ዲግሪ ቢሞቅ ከግማሽ ሊትር በላይ ይሰፋል። የጎማ ጥርስ 6 ሚሊ ሜትር ሲያልቅ ጎማው በመቶ ሁለት ያህል ያንሳል፤ ቆጣሪውም ካልተሄደው መንገድ ይጨምራል። ቀጂው የማደያው ቱቦ ጠቅ ብሎ ሲቆም ማቆሙና ከዚያ በኋላ ጥቂት መጨመሩ የአንድ ሊትር ልዩነት ሊያመጣ ይችላል፤ በ10 ሊትር ላይ ይህ አሥር ከመቶ፣ በ40 ሊትር ላይ ሁለት ተኩል ከመቶ ነው። ለሰሜን አሜሪካ የተሠሩት የቀድሞ ፕሪየሶች በጋናቸው ውስጥ የሚለጠጥ ከረጢት ስለነበራቸው በብርድ ጊዜ ሙላታቸው ራሱ ይለዋወጥ ነበር። በጄሪካን ከመንገድ ዳር በተገዛ ቤንዚንማ ሊትሩም ጥራቱም ስለማይታወቅ ልኬት መጀመር ከንቱ ድካም ነው። በዚህ ረገድ በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን መደረጉ ሳይታሰብ የሰጠው ጥቅም አለ፤ እያንዳንዱ ቅጂ ቀኑና ዋጋው የተጻፈበት ማስረጃ ትቷል።

ጥቅሙም የዋዛ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የመንግሥት ድጎማ መነሣት ሲጀምር በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 48 ብር አልሞላም ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ100 ብር አለፈ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ስለዚህ ቀድመው የገቡት ሃይብሪዶች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ የሚያረጁ ናቸው፤ ከእነርሱም ጋር ባትሪዎቻቸው። ያረጀ ባትሪ የሚያገላብጠው ኃይል ያንሳል፤ ገዢው ግን ይህን በዓይኑ አያይም፤ ሻጩ የሚያሳየውም ከቁልቁለት በኋላ የወጣውን የማሳያ ቁጥር ሊሆን ይችላል።

በአርባ ምንጭ ለሚኖር ሰው የሚሆነው ልኬት እንደሚከተለው ነው። ጠዋት፣ ቤንዚኑ ሳይሞቅ፣ በአንድ ማደያ፣ በአንድ ቀጂ፣ ቱቦው መጀመሪያ ጠቅ እስካለበት ድረስ ብቻ ይሞላል፤ በማሳያው ላይ ያለው የባትሪ ደረጃ ይጻፋል። የጎማ ነፋስ ይለካል። ከዚያ ጨንቻ ተወጥቶ ይወረዳል፤ ወደ ሶዶ የሚወስደው መንገድም ይጨመርበታል፤ ሌላም ቀን እንደዚሁ፣ ጋኑ ወደ ባዶ እስኪቀርብ። ማቀዝቀዣው በቆላው የሚከፈት ከሆነ ተከፍቶ ይነዳል፤ ኑሮው እንደዚያ ነውና። በመጨረሻው ጠዋት መኪናዋ እዚያው ማደያ፣ በዚያው የባትሪ ደረጃ ቆማ ትሞላለች። ደረጃው ዝቅ ብሎ ከተገኘ ያ ልኬት አይያዝም ወይም ጉዞው ጥቂት ይቀጥላል። ከሦስት ሙሊት በፊት የሚጻፍ ቁጥር ለማንም አይነገርም። በየስድስት ወሩ ይህ ሲደጋገም፣ የሜዳው ጉዞ ቁጥር ሳይለወጥ የጨንቻው ጉዞ ፍጆታ እየጨመረ ከሄደ፣ ሞተሩ ደህና ሆኖ ባትሪው መድከሙን መጠርጠር ይገባል፤ የባትሪ መመርመሪያ መሣሪያ ወዳለበት ጋራዥም የሚኬደው ያኔ ነው።